ቤትን «እንዳለ» መሸጥ በጅማ

ጅማ ላይ ቤት «እንዳለ ይሸጣል» ሲባል ሻጩ ቀለም ሳይቀባ፣ ያዘመመ ግድግዳ ሳያቀና፣ የዛገ ቆርቆሮ ሳይቀይር ባለበት ሁኔታ ያስረክባል ማለት ነው። ገዢው ብዙ ጊዜ ሊኖርበት ሳይሆን ቦታውን አይቶ የሚመጣ፣ አድሶ ወይም አፍርሶ የሚሠራ ሰው ነው። ደላላ በመሃል ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ቃሉ የሚሸፍነው ግን ግድግዳውንና ጣሪያውን ብቻ ነው። ወረቀቱ የተጓደለ ቤት «እንዳለ» ተብሎ ቢሸጥም ስም አይዛወርለትም፤ በከተማው የቤት ሽያጭ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳውም ከዚሁ ነው።

ከተማዋ ያደገችው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ካለበት ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ፣ በታዋቂው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ዙሪያ ነው። ጣሊያን በያዛት ዓመታት ጎዳናዎቿ ተቀየሱ። ከዚያም የከፋ ጠቅላይ ግዛት መናገሻ ሆነች።

ለዛሬው ሽያጭ ወሳኙ ቀን ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዕለቱ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ቀረለት፤ ለመኖሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩ ትርፍ ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ኪራይ ቤቶች ወደሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዱ። በቡና ንግድ ሀብት ያፈራችው ጅማ ደርዘን ክፍል ደርድሮ የሚያከራይ ሰው ሞልቶባት ስለነበር፣ በነባሮቹ ሰፈሮች በአንድ በር የሚገባበት ግቢ ለሁለት የተከፈለበት ጊዜ አለ፦ ፊት ለፊት የግል ቤት፣ ከጀርባ የቀበሌ ቤት። እንዲህ ያለ ግቢ ሲሸጥ ገዢው የሚያገኘው በካርታው የታጠረውን ብቻ ነው። የጋራው መግቢያ በማን ካርታ ውስጥ እንደወደቀ ካልታየ ጣጣው ለአዲሱ ባለቤት ይተርፋል። ቦታው ዛሬም የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ በውሉ የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ቦታው ቢሆንም።

የቤቱን አካል በተመለከተ፣ ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የምታገኝ ለምለም ከተማ ናት። የጭቃ ቤት ጠላቱም ይኸው ነው። ቋሚው እንጨት የሚበሰብሰው ከላይ ሳይሆን አፈርና አየር በሚገናኙበት በግርጌው ነው። የሚያውቅ ገዢ እዚያ ጋ ካቻቢቴ ይወጋል፤ ያለ ትግል ከገባ እንጨቱ አልቋል። በጭቃ ላይ ሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ደግሞ ከውጭ ያምራል፣ ውስጡ ግን እርጥበት ይታፈናል። በጣት ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከጭቃው ተላቋል። «ሆዱን የነፋ» ግድግዳ አይታደስም፣ ይፈርሳል። ወደ አዌቱ ወንዝ ዝቅ ባሉ ግቢዎች የሽንት ቤት ጉድጓድ በክረምት ውኃ ስለሚሞላ ጉብኝቱን በሐምሌ ወይም በነሐሴ ማድረግ ይመረጣል።

በቀጥታ የሚገዛ ነጋዴ የቤቱን ዋጋ ዜሮ አድርጎ በካሬ ያሰላል፤ ከዚያ ላይ የማፍረሻና ፍርስራሹን የማስነሻ ወጪ ይቀንሳል። ሻጭ በበኩሉ የብረት በርና መስኮቱን፣ ደኅናውን ቆርቆሮ፣ የጥድ ቋሚውን፣ ሮቶውንና የግቢውን አቦካዶ ቆጥሮ መደራደር አለበት። የሚነቀለውና የሚቀረው በውሉ ካልተጻፈ በርክክብ ቀን ጠብ አይቀርም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል። ተዋዋዮች በስምምነት ይህን ኃላፊነት ማጥበብ ይችላሉ፤ «እንዳለ» የሚለው ቃል የሚሠራው በዚህ ነው። ሻጩ እያወቀ ከደበቀ ግን ቃሉ አያድነውም። ስለዚህ «ባለበት ሁኔታ» ብሎ ከማለፍ «የሳሎኑ የምሥራቅ ግድግዳ ተሰንጥቋል፣ የማዕድ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል፣ ሁለት ቋሚ በምስጥ ተበልቷል» ብሎ መዘርዘር ለሻጩ ይበጀዋል።

ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈረማል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም በሚያዋውል ሹም ፊት እንዲሆን ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህ ያልተሟላበት ውል አይጸናም ብሏል። ኋላ ላይ ሻጩ መሸጡን ካልካደ ውሉ ሊጸና ይችላል የሚል አቋም መጥቷል፤ በዚህ ተማምኖ በሰፈር ሽማግሌ ፊት ብቻ መፈረም ግን የዋህነት ነው። ቀብድ የሰጠ ገዢ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ሻጭ ቢተው እጥፉን ይመልሳል።

ቀብድ ከመቀበል በፊት የይዞታ ካርታ፣ የቤት ግብርና የቦታ ኪራይ ደረሰኝ፣ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ የሚል ማስረጃ፣ መታወቂያ፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ ይሰበሰባል። የትዳር ቤት ያለ ሁለቱም ፊርማ አይሸጥም። የውርስ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም ይሰጣል። በውክልና የሚሸጥ ሰው «ለመሸጥ» የሚል ቃል በውክልናው ላይ በግልጽ ሊኖረው ይገባል፤ «ለማስተዳደር» የሚለው አይበቃም። ሌላው የጅማ ነገር ስም ነው። አባት በበኩር ልጁ «አባ እገሌ» እየተባለ በሚጠራበት አገር የድሮው ካርታ በዚያ ስም፣ መታወቂያው በመዝገብ ስም ሆኖ ይገኛል። በአማርኛ «ከድር» የተባለው በቁቤ ሲጻፍ «ቀዲር» የሚነበብበትም አለ። የቢሮው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው በማስረጃ ካልተረጋገጠ ፋይሉ አይንቀሳቀስም። መሃንዲስ ሲለካ ካርታው 200፣ አጥሩ 240 ካሬ ቢያሳይ አርባው ካሬ አልተሸጠም።

በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ) ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ገዢው በሊዝ ሥሪት፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን ለመንግሥት እየከፈለ ይይዘዋል። በሊዝ የተያዘ ጅምር ቤት ግማሽ ሳይደርስ ከተሸጠ ሻጩ የከፈለውን ሊዝ ከነወለዱ፣ የግንባታውን ዋጋና የሊዙን ማስተላለፊያ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ይወስዳል። ለቪላ ግማሽ ማለት መሠረቱ፣ ኮለኖቹና የላይኛው ቢም ማለቃቸው ነው።

የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ነው፣ ገዢው ይከፍላል። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በትርፉ ላይ 15 በመቶ የጣለ ሲሆን ባለቤቱ ሁለት ዓመት የኖረበትን መኖሪያ ቤት ነጻ አድርጓል። ግብር ለመቀነስ በውሉ ላይ ዋጋ ማሳነስ የተለመደ ቢሆንም ጥቅሙ አጭር ነው፦ ጽሕፈት ቤቱ የራሱን ግምት ያወጣል፣ ውሉ ቢፈርስ ደግሞ ገዢው ማስመለስ የሚችለው የተጻፈውን ነው።

ጥንቃቄ ያለው አከፋፈል ቀብዱን በባንክ ማስተላለፍ፣ ቀሪውን ስም እስኪዛወር በዝግ ሒሳብ ማስያዝ ነው። በርክክብ ቀን የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ንባብ በሁለቱም ፊርማ ይያዛል፤ ቆጣሪው በገዢው ስም እስኪዞር ድረስ ቢሉ የሚመጣው በሻጩ ስም ነው።