«ፊሊቡስቴሮ» ምንድን ነው? የዓይን ሐኪሙን ያስገደለው ቃል

አሜሪካ ያላችሁ የዚህን ቃል ዘመድ በዜና ሳትሰሙት አትቀሩም። ሴናተሮች አንድ ሕግ እንዳያልፍ ሲፈልጉ ወሬ እያስረዘሙ ሰዓት ይገድላሉ። ያ «ፊሊበስተር» ይባላል። የስፔንኛው ፊሊቡስቴሮ ከዚያው ግንድ የወጣ ነው። ልዩነቱ፣ የአሜሪካው ሰዓት ይገድላል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የስፔን ቅኝ ግዛት በነበረችው ፊሊፒንስ የነበረው ግን ሰው ይገድል ነበር።

ግንዱ ሆላንድኛ ነው። እንዳሻው የሚዘርፍ፣ የባሕር ወንበዴ ማለት ነው። መጀመሪያ በካሪቢያን ባሕር የስፔንን መርከቦች ያራቁቱ የነበሩ ወንበዴዎች መጠሪያ ሆነ። በ1850ዎቹ (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ደግሞ ከአሜሪካ ጠመንጃ ይዘው ወደ ኩባና መካከለኛው አሜሪካ የሚዘምቱ ጀብደኞች ወረሱት። ስፔኖች ከዚያ ለጠጥ አደረጉትና ኩባ ከስፔን ትላቀቅ የሚል ሁሉ ፊሊቡስቴሮ ሆነ። ቃሉ በዚህ ትርጉሙ መርከብ ተሳፍሮ የፊሊፒንስ ዋና ከተማ ማኒላ ገባ። እዚያ ሲደርስ ግን ባሕሩም መርከቡም ጠመንጃውም ከላዩ ረግፈዋል። የቀረው ውንጀላው ብቻ ነው።

በአማርኛ ምን እንበለው? «ሽፍታ» ይቀርበዋል፤ ግን ሽፍታ ቢያንስ ጫካ ገብቷል። «ገንጣይ»ም ያስኬዳል፤ ግን ፊሊቡስቴሮ ከተባሉት ብዙዎቹ ስለ መገንጠል አንድም ቀን አልተናገሩም። እንዳለ ልተወው።

ጥሩውን ፍቺ የሰጠን ሆሴ ሪዛል ነው። ሪዛል በ1861 ከማኒላ በስተደቡብ ላጉና ውስጥ ካላምባ በምትባል ከተማ ተወለደ። ከአስራ አንድ ልጆች ሰባተኛው ነው። ቤተሰቡ የዶሚኒካን መነኮሳትን መሬት ተከራይቶ ያርስ ነበር። ልጁ የዓይን ሐኪም ሆነ፣ ልብ ወለድም ጻፈ፣ በ35 ዓመቱም ተረሸነ። በመጋቢት 1887 ከበርሊን ለኦስትሪያዊው ጓደኛው ለፈርዲናንድ ብሉመንትሪት በላከው ደብዳቤ ቃሉን አብራርቶታል። ሕዝቡ ገና አያውቀውም ይላል። እሱ ራሱ መጀመሪያ የሰማው በ1872 ነው፤ ያኔ የፈጠረው ፍርሃት አሁንም ትዝ ይለዋል። አባቱ ቃሉን ቤት ውስጥ ማንሳት ከልክሎ ነበር። «ካቪቴ» እና «ቡርጎስ» የሚሉት ስሞችም አብረው ተከለከሉ። ትርጉሙንም ሲያስቀምጥ የባሕር ወንበዴ ማለት አይደለም ይላል፤ በቅርቡ የሚሰቀል አደገኛ አገር ወዳድ ማለት ነው፣ ወይም ደግሞ ትዕቢተኛ ሰው።

ሁለተኛውን ልብ በሉልኝ። ቀና ብሎ የሄደ ሰውና አገር የሚያምስ ሰው በአንድ ስም ይጠሩ ነበር።

1872 ላይ ምን ሆነ? ካቪቴ ማኒላ አጠገብ ያለች የወደብ ከተማ ናት። በባሕር ኃይሉ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት የሚሠሩ ፊሊፒኖዎች ከግብርና ከግዴታ የጉልበት ሥራ ነፃ ነበሩ። ገዥው ራፋኤል ዴ ኢስኪዬርዶ ይህን መብታቸውን አነሳባቸው። ጥር 20 ቀን 200 ያህል ወታደሮችና ሠራተኞች አመፁ። ነገሩ በሁለት ቀን ውስጥ ታፈነ፤ በቃ፣ የደመወዝ ጸብ ነበር ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። መንግሥት ግን የተጠነሰሰ ትልቅ ሴራ አለ አለ። ሴረኞቹም ተገኙ፦ ሦስት ካህናት፣ ማሪያኖ ጎሜዝ፣ ሆሴ ቡርጎስ እና ሃሲንቶ ሳሞራ። እውነተኛው ወንጀላቸው፣ ደብሮች ከስፔን ለሚመጡ መነኮሳት ብቻ ከሚሰጡ ለአገሩ ካህናትም ይሰጡ ማለታቸው ነበር። በተለይ ቡርጎስ የዚህ ክርክር ግንባር ቀደም ነበር። የካቲት 17 ቀን 1872 ማኒላ፣ ባጉምባያን ሜዳ ላይ በጋሮቴ ተገደሉ። ጋሮቴ አንገት ላይ የሚገጠም ብረት ነው፤ ከኋላ በመዘውር ይጠብቃል። የማኒላው ሊቀ ጳጳስ ክህነታቸውን ግፈፍ ቢባሉ እምቢ ስላሉ ሦስቱም ካህናት እንደሆኑ ሞቱ።

የሪዛል ታላቅ ወንድም ፓሲያኖ የሚኖረው ከቡርጎስ ጋር ነበር። ስለዚህ በዚያው ዓመት ትንሹ ሆሴ ማኒላ ትምህርት ቤት ሲገባ የታወቀውን የቤተሰቡን ስም፣ ሜርካዶን፣ ትቶ «ሪዛል» ተብሎ እንዲመዘገብ አደረገ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ስም ያኔ የመደበቂያ ስም ነበር ማለት ነው።

ልጁ አድጎ በ1882 ወደ ስፔን ሄደ። ማድሪድ ሕክምና ተማረ፣ ፓሪስና ሃይደልበርግ የዓይን ሕክምና ተለማመደ። በ1887 በርሊን ውስጥ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን፣ «ኖሊ ሜ ታንጄሬ»ን አሳተመ። ኪሱ ባዶ ስለነበር ማክሲሞ ቪዮላ የሚባል ጓደኛው 300 ፔሶ አበደረው። 2,000 ቅጂ ታተመ።

የዚህ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ርዕሱ ራሱ «መናፍቅና ፊሊቡስቴሮ» ነው። ኢባራ የሚባል ወጣት ከአውሮፓ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ አባቱ እስር ቤት ሞተው ይጠብቁታል። ነገሩ የጀመረው አንድ ግብር ሰብሳቢ ልጅ መሬት ላይ ጥሎ ሲደበድብ አባትየው መሃል በመግባታቸው ነው። ግብር ሰብሳቢው ተንገዳግዶ ወደቀ፣ ጭንቅላቱን ድንጋይ መታው፣ ሞተ። አባትየው ታሰሩ። ከታሰሩ በኋላ ነው እንግዲህ ጉዱ የሚመጣው፣ ዛፍ ሲወድቅ ምሳር ይበዛበታል አይደል? የማድሪድ ጋዜጣ ያነባል፣ ልጁን አውሮፓ ልኮ ያስተምራል፣ የተገደለ ቄስ ፎቶ ቤቱ ተገኘ፣ የስፔን ደም እያለው የአገሬውን ሸሚዝ ይለብሳል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ፊሊቡስቴሮ ወጣው። ከሞቱም በኋላ አልተተዉም፤ አስከሬናቸው ከመቃብር ወጥቶ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ሐይቅ ውስጥ ተጣለ።

እኔን ይበልጥ የሚያስቀኝ፣ እያሳቀኝም የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ቦታ ነው። ኢባራ ራሱ ከአንድ መነኩሴ ጋር ተጣልቶ ፊሊቡስቴሮ ከተባለ በኋላ ገበሬዎች መንገድ ላይ ስለ ቃሉ ያወራሉ። ማናቸውም ትርጉሙን አያውቁም። አፋቸው ላይ እንኳ በደንብ አይገባም፣ አጣመው ነው የሚሉት። አንዱ ከምታውቁት ስድብ ሁሉ የባሰ ነው ይላል። በስቅለት ዓርብ ቅዱስ ቁርባን ላይ ከመትፋት እንኳ ይብሳል። በፊት ዘቦች ሰው የሚወስዱት «ኢስፒቾሶ» እያሉ ነበር፤ ተጠርጣሪ ለማለት ነው፣ እሱም ተጣሞባቸው። ይኼኛው ከእሱም የከፋ ነው። አንድ ጊዜ ከተባልክ ንስሐ ግባ፣ ዕዳህን ክፈል፣ ከዚያ መሰቀል ብቻ ነው የሚቀርህ ይባባላሉ። ገበሬዎቹ መዝገበ ቃላት አላዩም፤ ግን ማኒላ ካሉት የተማሩ ሰዎች ባልተናነሰ ገብቷቸዋል።

መጽሐፉ ማኒላ ሲደርስ ሳንሱሩ ከለከለው። ደራሲውም እንደምትገምቱት ፊሊቡስቴሮ ተባለ።

ግን ሪዛል ምን ይጠይቅ ነበር? ፊሊፒንስ በማድሪድ ፓርላማ ወኪል ይኑራት፣ ሕግ ፊት ፊሊፒኖና ስፔናዊ እኩል ይሁኑ፣ የአገሩ ካህናት ደብር ይሰጣቸው። «ነፃነት አሁኑኑ» አይልም። አብረውት ስፔን ውስጥ «ላ ሶሊዳሪዳድ» የሚባለውን ጋዜጣ የሚያዘጋጁትም ጥያቄያቸው ይኸው ነበር። የቃሉ ክፋት እዚህ ላይ ነው። አቤቱታ የሚጽፈውንና ሰይፍ የሚስለውን በአንድ ስም ከጠራህ፣ አቤቱታ የሚጽፈው አንድ ቀን ለምን እንደሚጽፍ ራሱን ይጠይቃል።

ሪዛል ይህን ቀድሞ አይቶታል። ኢባራ በመጨረሻ ሁሉን ተነጥቆ በጀልባ ሲሸሽ፣ ፊሊቡስቴሮ ካላችሁኝ እውነተኛውን እሆናለሁ ይላል። በ1891 ቤልጅየም፣ ጌንት ላይ የታተመው ሁለተኛው መጽሐፍ ከዚያ ይቀጥላል፣ ርዕሱም «ኤል ፊሊቡስቴሪስሞ» ነው። ኢባራ ከ13 ዓመት በኋላ ሲሙን የሚባል የጌጣጌጥ ነጋዴ ሆኖ ይመለሳል። ሰማያዊ መነጽር አድርጓል፣ ገዥውን ጓደኛ ይዟል፣ አመፅ ይጠነስሳል። ሠርግ ቤት ፈንጂ የተደበቀበት ፋኖስ ያስገባል። ሳይፈነዳ አንድ ወጣት አንስቶ ወንዝ ውስጥ ይወረውረዋል። እንደ ልብ ወለድ ካያችሁት ለእኔ «ኖሊ» ይበልጣል። ይኼኛው መረር ያለና ጥድፊያ የበዛበት ነው።

የዚህ ሁለተኛ መጽሐፍ መታሰቢያነቱ በ1872 ለተገደሉት ለሦስቱ ካህናት ነው። ሪዛል ግን እዚያ ላይ ተሳስቷል፤ የተገደሉበትን ቀን የካቲት 28 ብሎታል፣ ዕድሜያቸውንም አዛብቷል። ቡርጎስን 30 ዓመት አድርጎ ጽፎታል። ቡርጎስ ሲገደል 35 ዓመቱ ነበር።

በ1892 ሪዛል አገሩ ገባ። ሐምሌ 3 ቶንዶ ውስጥ «ሊጋ ፊሊፒና» የሚባል ሰላማዊ ማኅበር አቋቋመ፤ በቀናት ውስጥ ታስሮ ሚንዳናዎ ደሴት፣ ዳፒታን ወደምትባል ቦታ ተጋዘ። እዚያ አራት ዓመት ዓይን ሲያክም፣ ልጆች ሲያስተምር፣ ውኃ በቦይ ሲያስገባ ቆየ። መጋዙ በተሰማበት ሐምሌ 7 ቀን አንድሬስ ቦኒፋሲዮ ማኒላ ውስጥ ካቲፑናን የሚባለውን ምስጢራዊ የአመፅ ማኅበር መሠረተ። ቦኒፋሲዮ የሊጋው አባል ነበር። በካቲፑናን የሁለተኛው ማዕረግ የይለፍ ቃል «ጎምቡርሳ» ነው፤ የሦስቱ ካህናት ስም ተገጣጥሞ ማለት ነው። የሦስተኛው ማዕረግ የይለፍ ቃል ደግሞ «ሪዛል»። ባለ ስሙን ማንም አላስፈቀደውም። በ1896 መልእክተኛ ልከው ሲያማክሩት፣ ሕዝቡ መሣሪያ የለውም፣ አልተዘጋጀም፣ አይሆንም አላቸው። በነሐሴ ግን አመፁ ፈነዳ።

ሪዛል በዚያ ወቅት ለስፔን ጦር ኩባ ውስጥ በሐኪምነት ሊያገለግል ፈቃደኛ ሆኖ መርከብ ላይ ነበር። አስቡት፣ ቃሉ ወደ ማኒላ ወደመጣባት ኩባ! ከመንገድ ተይዞ ተመለሰ። በእስር ላይ ሳለ ታኅሣሥ 15 ቀን አመፁን የሚያወግዝ መግለጫ ለሕዝቡ ጻፈ። የጦሩ የሕግ አማካሪ አይቶ፣ አይውጣ አለ። ሰውየው የሚያወግዘው አሁን መነሳታቸውን እንጂ ነፃነትን አይደለም የሚል ምክንያት ሰጠ። እውነት ለመናገር፣ አንባቢነቱ አይታማም።

ችሎቱ ታኅሣሥ 26 ተቀመጠ። በታኅሣሥ 30 ጠዋት ባጉምባያን ሜዳ ላይ፣ ሦስቱ ካህናት በሞቱበት፣ ረሸኑት። ፊቴን ወደ ተኳሾቹ ልመልስ ብሎ ለመነ። ከሃዲ ከጀርባው ነው የሚመታው ተባለ። የተኮሱት ፊሊፒኖ ወታደሮች ናቸው፤ ከኋላቸው ስፔናውያን ወታደሮች ቆመዋል። ጥይቱ ሲያገኘው ሰውነቱን አዙሮ በጀርባው ወደቀ። 35 ዓመቱ ነበር፣ ልክ እንደ ቡርጎስ።

በ1956 ፊሊፒንስ የሪዛል ሥራዎች በትምህርት ቤት እንዲነበቡ ሕግ አወጣች። ተማሪዎች 10ኛ ክፍል ሲደርሱ ሁለተኛውን መጽሐፍ ይማራሉ። ረጅሙን ርዕስ አሳጥረው «ፊሊ» ይሉታል። የሪዛል አባት ቤት ውስጥ እንዳይነሳ የከለከለው ቃል አሁን የቤት ሥራ ሆኗል።