ዋሃካ፦ የሜክሲኮ ጥንታዊ ቅርስና ጸጥ ያለ የባሕር ዳርቻ በአንድ የቤተሰብ ጉዞ

ዋሃካ በደቡብ ሜክሲኮ የሚገኝ ግዛት ነው፤ ዋና ከተማውም በዚሁ ስም ይጠራል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው መካከለኛው ሸለቆ ጥንታዊ ፍርስራሾችን፣ ዶሚኒካውያን የሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት የሠሯቸውን ገዳማትና በእጅ ጥበብ የሚተዳደሩ መንደሮችን ይዟል። ከሸለቆው በስተደቡብ የሴራ ማድሬ ዴል ሱር ተራሮች ተደርድረዋል፤ ከተራሮቹ ማዶ የፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ይገኛል። ልጆቹን ይዞ ሜክሲኮን ለመጎብኘት የሚያስብ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚሰማው በባሕር ዳርቻ መዝናኛነቷ የታወቀችውን የካንኩንን ስም ነው። ታሪክንና ረፍትን በአንድ ጉዞ ለማጣመር ግን ከዋሃካ የሚሻል ግዛት በአገሪቱ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል፤ እዚህ የባሕሩ ዳርቻ ራሱ የታሪክ ቦታ ነውና። ስለ አካባቢው በአማርኛ የተሰናዳ መረጃ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ይህ ዳሰሳ ተዘጋጅቷል። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሕዝቡና አኗኗሩ

በግዛቱ 16 ነባር ሕዝቦች በይፋ የታወቁ ሲሆን ዛፖቴኮችና ሚሽቴኮች በቁጥር ይበልጣሉ። ከ570ዎቹ የወረዳ አስተዳደሮች ከ400 በላይ የሚሆኑት ሹሞቻቸውን የሚመርጡት በፖለቲካ ፓርቲ ሳይሆን በነባር ልማዳቸው፣ በሕዝብ ሸንጎ ነው። ዘመናዊቷን ሜክሲኮ ከቀረጹት መሪዎች አንዱ የሆነው ቤኒቶ ሁዋሬዝ በ1806 የተወለደው እዚሁ፣ ጌላታዎ በተባለች የዛፖቴክ ተራራማ መንደር ነው። ወላጆቹን በሕፃንነቱ አጥቶ በአጎቱ ዘንድ በጎች ይጠብቅ ነበር። በ12 ዓመቱ ስፓኒሽ በቅጡ ሳይችል በእግሩ ወደ ከተማ መጣ፤ ሕግ ተማረ፤ የግዛቱ ገዥ፣ ከዚያም ከ1858 እስከ ዕለተ ሞቱ 1872 ድረስ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነ። የፈረንሳይን ወረራ ተቋቁሞ ያሸነፈውም በእርሱ ዘመን የነበረው መንግሥት ነው።

በዛፖቴክ መንደሮች ጌላጌትሳ የሚባል የመረዳዳት ሥርዓት አለ። ሰርግ ወይም የመንደሩ ጠባቂ ቅዱስ በዓል ሲደርስ ዘመድና ጎረቤት ቱርክ ዶሮ፣ በቆሎ፣ ካካዎና ጉልበቱን ይዞ ይመጣል። ተቀባዩ ቤተሰብ እያንዳንዱን ስጦታ በደብተር ይመዘግባል፤ ተራው ሲደርስም በዓይነቱና በመጠኑ ይመልሳል። ደቦን ለሚያውቅ ሰው ሥርዓቱ እንግዳ አይሆንበትም። በየዓመቱ በሐምሌ ወር መጨረሻ ሰኞዎች በዋሃካ ከተማ ፎርቲን ኮረብታ ላይ የሚከበረው ታላቅ የጭፈራ በዓልም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው። በዓሉ የዛሬ መልኩን መያዝ የጀመረው በ1932፣ ከተማዋ የከተማነት ማዕረግ ያገኘችበት 400ኛ ዓመት ሲከበር ነው። ከየአካባቢው የመጡ ጨፋሪዎች በመጨረሻ ያመጡትን ፍሬና ባርኔጣ ለተመልካች ስለሚወረውሩ ለልጆች ከዚህ የሚበልጥ ትዕይንት የለም።

ሞንቴ አልባንና ሰባተኛው መቃብር

ሞንቴ አልባን ከሸለቆው ወለል 400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ ጥንታዊ የዛፖቴክ ከተማ ነው። የተቆረቆረው ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ሲሆን ለሚሠሩት ሕንፃዎች ሲባል የተራራው አናት ተደልድሏል። ዋናው አደባባይ ወደ 300 ሜትር ርዝመትና 200 ሜትር ስፋት አለው። ዙሪያውን ደረጃ ያላቸው መድረኮች፣ የኳስ መጫወቻ ሜዳና የመቃብር ክፍሎች ይታያሉ፤ መሐል ላይ ደግሞ ከሌሎቹ አቅጣጫ ወጣ ብሎ የቀስት ጫፍ ቅርጽ ያለው ሕንፃ ቆሟል። ይህ ሕንፃ የከዋክብት መመልከቻ ነበር የሚሉ አሉ፤ በግድግዳው ላይ የተቀረጹት ምልክቶች ግን ከተማዋ ያስገበረቻቸውን አገሮች ይዘረዝራሉ የሚለው ሐሳብ ሰፊ ተቀባይነት አግኝቷል።

በደቡብ ምዕራብ በኩል የሚገኙት የተቀረጹ ድንጋዮች እጅና እግራቸው የተጠማዘዘ ራቁታቸውን የሆኑ ሰዎችን ያሳያሉ። የቀድሞ ጎብኚዎች የሚጨፍሩ ሰዎች መስለዋቸው ስለነበር እስከ ዛሬ “ጨፋሪዎቹ” ይባላሉ። የተጨፈኑት ዓይኖችና የተከፈቱት አፎች ግን በጦርነት የተማረኩና የተገደሉ ሰዎች መሆናቸውን ያመለክታሉ፤ የአብዛኞቹ ተመራማሪዎች አቋምም ይኸው ነው። ከአጠገባቸው ያሉት የጽሑፍ ምልክቶች በአሜሪካ አህጉር ከሚታወቁት እጅግ ጥንታዊ የጽሑፍ ናሙናዎች መካከል ናቸው።

ጥር 9 ቀን 1932 አርኪዮሎጂስቱ አልፎንሶ ካሶና ባልደረቦቹ ሰባተኛ የሚል ቁጥር የሰጡትን መቃብር ከፈቱ። መቃብሩን የሠሩት ዛፖቴኮች ሲሆኑ ከተማዋ ከተለቀቀች ከብዙ ዘመን በኋላ ሚሽቴኮች የራሳቸውን መኳንንት ቀብረውበታል። ከውስጡ የወጣው ሀብት በአሜሪካ አህጉር ሳይዘረፍ ከተገኘው ሁሉ እጅግ የከበረ ከሚባለው ወገን ነው፦ ከወርቅ የተሠሩ የደረት ጌጦች፣ ቱርኩዋዝ በሚባል ሰማያዊ አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ ንጣፎች የተሸፈነ የራስ ቅል፣ ከክሪስታል ድንጋይ የተፈለፈለ ጽዋ፣ ዕንቁ፣ እንዲሁም የታሪክና የዘመን አቆጣጠር ምልክቶች የተቀረጹባቸው ቀጫጭን አጥንቶች። ከተቀበሩት መካከል ዋናው ሰው ወንድ እንደነበረ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ቆይቷል። የመፍተያና የመሸመኛ ዕቃዎች አብረው መገኘታቸውን በማየት ሴት ልትሆን ትችላለች ያሉ ተመራማሪዎችም አሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም።

ይህ ሀብት ወደ ዋና ከተማው ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ሳይወሰድ እዚያው ዋሃካ መቅረቱ ለግዛቱ ሕዝብ ትልቅ ክብር ነው። የሚታየው በሳንቶ ዶሚንጎ ገዳም ውስጥ ባለው የዋሃካ ባሕሎች ሙዚየም ነው። ገዳሙ በዶሚኒካውያን የታነጸ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በወርቅ ቅብ ቅርጻ ቅርጽ የተሞላ ሕንፃ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መንግሥት ወርሶት ከመቶ ዓመት በላይ የወታደር ሰፈር ሆኖ ኖሯል። ወታደሩ በ1990ዎቹ ሲለቅ ግቢው የሆቴልና የመኪና ማቆሚያ ሲሳይ እንዳይሆን ሠዓሊው ፍራንሲስኮ ቶሌዶና ሌሎች የከተማዋ ወዳጆች በብርቱ ተከራከሩ፤ ዛሬ በቦታው የግዛቱን እጽዋት ብቻ የያዘ ድንቅ የአትክልት ስፍራ አለ። በ2019 ያረፈው ቶሌዶ ለዋሃካ ያደረገው ከአንድ ሰው የሚጠበቅ አይደለም። የከተማዋ ጥንታዊ ክፍልና ሞንቴ አልባን በ1987 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ከሞንቴ አልባን መዳከም እስከ ስፓኞች መምጣት ባለው ዘመን ሚትላ የተባለች የሸለቆው ጥንታዊ ከተማ ገንና ነበር፤ ያለ ጭቃ በተገጣጠሙ ጥቃቅን ድንጋዮች የተሠሩት የግድግዳዋ ጌጦች አሁንም ቆመዋል።

የቁልቋሉ ቀይ ቀለም

ከከተማዋ በስተምሥራቅ የሚገኘው ቴዎቲትላን ዴል ቫዬ የሸማኔዎች መንደር ነው። በመንደሩ ቤቶች ልጆችን እጅግ የሚያስደንቀው የቀለም ሥራ ነው። ባለሙያዋ በቁልቋል ቅጠል ላይ ተጣብቀው የሚያድጉትን፣ ደርቀው የአሸዋ ጠጠር የሚያካክሉትን ነፍሳት መዳፏ ላይ ትፈጫቸዋለች፤ መዳፏ ደም የነካው ይመስላል። ሎሚ ጠብ ስታደርግበት ቀለሙ ወደ ብርቱካናማ ቀይ ይለወጣል፤ ጥቂት የኖራ ዱቄት ስትጨምርበት ወይን ጠጅ ይሆናል። በቅኝ ግዛት ዘመን ይህ ቀለም ከብር ቀጥሎ ከሜክሲኮ ወደ አውሮፓ የሚላክ ውድ ሸቀጥ ነበር፤ ከዋሃካ ከተማ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ የታነጹትም ከእርሱ በተገኘ ሀብት ነው።

የትግራይ በለስ የዘር ሐረጉ ከሜክሲኮ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ይህችው ነፍሳትም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለቀለም ምርት ተብላ ወደ ትግራይ ገብታ ከቁጥጥር ውጪ በመራባቷ በደቡባዊው ክፍል የበለስ ማሳዎችን ክፉኛ አጥፍታለች። በዋሃካ ግን ነፍሳቷን የሚያሳድጉ ገበሬዎች ከብርድ፣ ከዝናብና ከተፈጥሮ ጠላቶቿ ሲጠብቋት ኖረዋል። አንዲት ፍጥረት ለአንዱ ሲሳይ፣ ለሌላው መቅሰፍት የሆነችበትን ምክንያት ለልጆች ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

በገበያዎቹ የሚጨሰው ኮፓል የተባለ ሙጫም ለኢትዮጵያዊ አፍንጫ አዲስ አይደለም፤ የሚገኝበት ዛፍ ከዕጣን ዛፍ ጋር በአንድ የእጽዋት ቤተሰብ ይመደባል። በተለይ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ፣ የሙታን መታሰቢያ በሚከበርባቸው ቀናት፣ ከተማዋ በጢሱና በብርቱካናማ አበባ ትሞላለች።

ከኩዊላፓን እስከ ላ ኤንትሬጋ

ከከተማዋ አቅራቢያ ያለው የኩዊላፓን ገዳም ጣሪያው ሳይጠናቀቅ የቀረ ግዙፍ የ16ኛው መቶ ዘመን ሕንፃ ነው። የሜክሲኮ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት ቪሴንቴ ጌሬሮ የካቲት 14 ቀን 1831 በጥይት የተገደለው እዚህ ነው።

ጌሬሮ በ1782 የተወለደ፣ የአፍሪካ ደም ያለበት በቅሎ ነጂ ነበር። የነጻነት ትግሉ መሪ ሞሬሎስ በ1815 ከተገደለ በኋላ ብዙዎቹ እጃቸውን ሲሰጡ እርሱ በደቡብ ተራሮች ውስጥ ትግሉን ቀጠለ፤ በ1821 ነጻነት እውን እንዲሆን ካደረጉት ሁለት ዋና ሰዎች አንዱም እርሱ ነው። በ1829 ፕሬዚዳንት ሆኖ በቆየባቸው ጥቂት ወራት ውስጥ መስከረም 15 ቀን ባርነትን በአዋጅ ሻረ። ዩናይትድ ስቴትስ ይህን ያደረገችው ከ36 ዓመት በኋላ ነው። ምክትሉ ቡስታማንቴ በመፈንቅለ መንግሥት ካስወገደው በኋላ ወደ ደቡብ ተመልሶ ተዋጋ። በጥር 1831 ፒካሉጋ የሚባል የጄኖዋ መርከበኛ አካፑልኮ ወደብ ላይ ለምሳ ጋብዞ መርከቡ ላይ አሰረው። ለክህደቱ 50 ሺህ ፔሶ ተከፍሎታል ይባላል። መርከቧ በዋሃካ ግዛት የባሕር ዳርቻ ወደሚገኘው ወደ ዋቱልኮ ቀዘፈች፤ ጌሬሮም ዛሬ ላ ኤንትሬጋ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ለመንግሥት ወታደሮች ተላልፎ ተሰጠ። ከዚያ ተራራውን አቋርጠው ወደ ዋሃካ ወሰዱት፤ ለይስሙላ በጦር ፍርድ ቤት አቅርበው ሞት ፈረዱበት።

ላ ኤንትሬጋ አሁን ከዋቱልኮ የባሕር ዳርቻዎች ሁሉ ለሕፃናት ከሚመቹት አንዱ ነው። በዙሪያው ያለው የመሬት ክንድ ማዕበሉን ስለሚገታው ውኃው የረጋ ነው፤ ከዳርቻው ጥቂት ገባ ብሎ የኮራል ድንጋይና ባለ ቀለም ዓሣዎች ይታያሉ። ኩዊላፓንን ያየ ቤተሰብ እዚህ ሲደርስ ታሪኩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተጉዞበታል ማለት ነው። ኮራሉ ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው በመሆኑና በእግር ሲረገጥ ስለሚሞት ልጆችን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ዋቱልኮ ዘጠኝ የባሕር ወሽመጦች አሉት። መንግሥት ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለቱሪዝም ቢያለማውም ከፊሉ በ1998 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ በመከለሉ ሆቴል ያልደረሰባቸው ዳርቻዎች ተርፈዋል። በ1587 እንግሊዛዊው የባሕር ወንበዴ ቶማስ ካቬንዲሽ ወደቡን ሲያቃጥል በዳርቻው የቆመውን ትልቅ የእንጨት መስቀል ማንደድ እንዳቃተው ይተረካል፤ የሳንታ ክሩዝ ወሽመጥም ስሙን ከዚሁ መስቀል አግኝቷል።

የኤሊዎቹ ዳርቻና የቻካዋ ሐይቅ

ከዋቱልኮ በስተምዕራብ የምትገኘው ማሱንቴ በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽና ከዚያም በኋላ የምትተዳደረው የባሕር ኤሊ በማረድ ነበር። መንግሥት በ1990 አደኑን ሲከለክል መንደርተኛው ያለ ሥራ ቀረ። ቀጥሎ የኤሊ ምርምር ማዕከል ተከፈተ፤ ነዋሪዎችም የተፈጥሮ ቅባትና ሳሙና የሚያመርት የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። አጠገቧ ባለችው ቬንታኒያ የመንደሩ ማኅበር ጎብኚዎችን በታንኳ ማንግሮቭ ወደሚባለው በጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅል ደን ወስዶ አዞዎችን ያሳያል።

ኤስኮቢያ በተባለው ዳርቻ ከክረምቱ ወራት ጀምሮ በአንድ ጊዜ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኤሊዎች እንቁላል ለመጣል ይወጣሉ። እናቲቱ በኋላ እግሮቿ ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ መቶ የሚያህል እንቁላል ጥላ አሸዋውን ትመልስና ሰውነቷን ግራና ቀኝ እየጣለች ትደለድለዋለች። ከ45 ቀን ገደማ በኋላ ጫጩቶቹ ይወጣሉ። መብራትና የካሜራ ብልጭታ ስለሚያውካቸው ጉብኝቱ ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር ብቻ መሆን አለበት።

በምዕራቡ ጫፍ የሚገኘው የቻካዋ ሐይቅ ከ1937 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው በባርነት ወደ ሜክሲኮ የመጡ አፍሪካውያን ዘሮች ናቸው። የሜክሲኮ ሕገ መንግሥት ለእነዚህ ሕዝቦች በስማቸው ዕውቅና የሰጠው በ2019 ነው፤ ይህም እጅግ የዘገየ ነበር።

ለመንገደኛ

አብዛኛው መንገደኛ የሚያልፈው በሜክሲኮ ሲቲ ነው። በዚያ ከተማ የምድር ባቡር ሦስተኛ መስመር ላይ “ኢትዮጵያ” የሚባል ጣቢያ አለ፤ ሜክሲኮ የፋሺስት ጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ መሆኗን ለሚያስታውስ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሜክሲኮ አደባባይን ለሚያውቅ ቤተሰብ ወርዶ ማየት የሚገባ ነው።

ከዋሃካ ከተማ ወደ ባሕር የሚወስደው አዲስ አውራ ጎዳና በየካቲት 2024 ተመርቋል። ቀድሞ ጠመዝማዛ በሆነ የተራራ መንገድ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጅ የነበረውን፣ ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ወደ ፑዌርቶ ኤስኮንዲዶ የሚደረገውን ጉዞ ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ አውርዶታል። ፑዌርቶ ኤስኮንዲዶ ላይ ለልጆች የሚሆነው ካሪሳሊዮ የተባለው ትንሽ ወሽመጥ ነው። የሲካቴላ ዳርቻ በማዕበል ተንሸራታቾች ዘንድ በዓለም የታወቀ ቢሆንም ለዋና አደገኛ ነው፤ በማሱንቴ አጠገብ ያለው የሲፖሊቴ ዳርቻም ብርቱ የውኃ ስበት ያለበትና ራቁት መዋኘት የተፈቀደበት በመሆኑ ለቤተሰብ አይመከርም።

የጾም ወቅት ላይ የሚጓዝ ሰው በቆሎ ቂጣ፣ ጥቁር ባቄላ፣ ዱባና የቁልቋል ቅጠል በየገበያው ያገኛል። ሆኖም ታላዩዳ የሚባለው ትልቅ ቂጣ ፊቱ በአሳማ ስብ ስለሚቀባ፣ ባቄላውም አንዳንዴ በዚያው ስለሚሠራ፣ ከማዘዝ በፊት ያለ ስብ እንዲሆን መናገር ይገባል። ደረቁ ወቅት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው።