«ሞክሬው ሠርቷል»፦ ሪሌን ከአርዱይኖ ፒን ስለማዘዝ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በቀደም አንድ ተማሪ አርዱይኖውን (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ ነው፤ ትእዛዙን የሚያወጣው ፒን በሚባሉ እግሮቹ ነው) በፌስታል ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። ሮቶ ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋ ፕሮጀክት ነው። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ሠርቷል፤ ትናንት ግን 7ኛው ፒን ዝም አለ» አለኝ። ከፍቼ ሳየው የሪሌዋን (በኤሌክትሪክ የምትታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ኮይል፣ ማለትም መግነጢስ የሚሆነውን ጥቅል ሽቦ፣ ቀጥታ ፒኑ ላይ ሰክቶታል። ከእሱ ጋር ያወራነውን እነሆ።

«ሪሌዋ 5 ቮልት ናት፣ ፒኑም 5 ቮልት ይሰጣል፤ ታዲያ ምን ችግር አለው?»

ቮልቱ ይገጥማል። ችግሩ አምፔሩ ላይ ነው። ገበያውን የሞላችው ሰማያዊዋ ባለ 5 ቮልት ሪሌ፣ ኮይሏ 70 ኦም ገደማ ነው። 5ን ለ70 አካፍሉት፤ 71 ሚሊአምፔር ይመጣል። አርዱይኖ ኡኖ ላይ ያለው ኤቲሜጋ328 ቺፕ ደግሞ በአንድ ፒን ከ40 ሚሊአምፔር በላይ በፍጹም አይፈቅድም። በሰላም ለመኖር 20 ይበቃዋል። 40 ማለት «እስከዚህ ተጠቀም» ማለት አይደለም፤ «ከዚህ ካለፍክ የራስህ ጉዳይ ነው» ማለት ነው።

ታዲያ ሁለት ሳምንት እንዴት ሠራ? ፒኑ ሲጨነቅ ቮልቱ ይወርዳል። ሪሌዋ ግን 5 ሙሉ ቮልት አትጠብቅም፤ 3.75 ካገኘች ትስባለች። ስለዚህ «ጠቅ» ትላለች፣ እኛም ደስ ይለናል። ፒኑ ግን ውስጥ ውስጡን እየተቃጠለ ነው።

መፍትሔው የጥቂት ብር ትራንዚስተር ነው፤ በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚያዝ፣ ቤዝ፣ ኢሚተርና ኮሌክተር የሚባሉ ሦስት እግሮች ያሉት። እኔ 2ኤን2222 እወዳለሁ። ኢሚተሩ ግራውንድ ላይ፣ ኮሌክተሩ የኮይሉ አንድ ጫፍ ላይ፣ የኮይሉ ሌላ ጫፍ 5 ቮልት ላይ። ፒኑ በቤዙ በኩል ትራንዚስተሩን ያዛል፣ ከባዱን ሥራ ትራንዚስተሩ ይሠራል። ቢሲ547ም ይሆናል፤ ጣሪያው 100 ሚሊአምፔር ስለሆነ ግን ብዙ ትርፍ የለውም።

«ቤዙ ላይ ሬዚስተር ባይኖርም ይሠራል»

ይሄም ያው የ«ሠርቷል» በሽታ ነው። በቤዝና በኢሚተር መካከል 0.7 ቮልት አካባቢ ብቻ ነው የሚቀረው። ያለ ሬዚስተር ማገናኘት ፒኑን ግራውንድ ላይ እንደማሳረፍ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ለቤዙ የኮይሉን አንድ አሥረኛ፣ 7 ሚሊአምፔር ገደማ እንስጠው። ከ5 ቮልት 0.7 ሲቀነስ 4.3፤ 4.3 ቮልት ለ0.007 ሲካፈል 614 ኦም። 560 ኦም ካላችሁ እሱን አድርጉ። 3.3 ቮልት የሚያወጣ ቦርድ ከሆነ 330 ይሻላል።

«ዳዮዷ ለጌጥ ናት»

ብዙ ቦርድ የሚበላው ይሄኛው ነው። ዳዮድ ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ታሳልፋለች። ኮይል ከረንቱ ድንገት ሲቋረጥበት ዝም ብሎ አይቀበልም። መግነጢሱ ውስጥ ያጠራቀመው ጉልበት የሆነ መውጫ ይፈልጋል። መውጫ ሲያጣ ቮልቱን ሽቅብ ይሰቅለዋል፤ ከ5 ቮልት ኮይል ከ100 ቮልት በላይ ሊወጣ ይችላል። የ2ኤን2222ኤ ጣሪያ 40 ቮልት ነው። የቀረውን ገምቱት።

ከኮይሉ ጋር ጎን ለጎን አንድ 1ኤን4007 ዳዮድ ስንገጥም ያ ጉልበት በእሷ በኩል ዞሮ እዚያው ያልቃል። አቅጣጫዋን ግን ተጠንቀቁ። ጫፏ ላይ ያለው ነጣ ያለ መስመር ወደ 5 ቮልቱ ይዞራል። እኔ አንዴ ገልብጬ ገጥሜያት ትራንዚስተሩ ገና ሲበራ 5 ቮልቱን በዳዮዷ በኩል ወደ ግራውንድ ለቀቀው። ትራንዚስተሩን ስነካው አውራ ጣቴ ላይ ምልክቱን ትቶልኝ ሄደ።

«ሞጁል ገዝቻለሁ፣ ኦፕቶ አለው፤ ሁሉም ነገር ተለይቷል»

የሪሌ ሞጁል መግዛት ጥሩ ነው፤ ትራንዚስተሩም ዳዮዷም ተበይደው ይመጣሉ። ኦፕቶ የሚባለው ደግሞ ትእዛዙን በብርሃን ብቻ አሳልፎ ሁለቱን ወገን የሚለይ ክፍል ነው። ግን «ጄዲ-ቪሲሲ» (JD-VCC) የሚል ጃምፐር (ሁለት እግሮችን የሚያገናኝ ትንሽ መሰኪያ) ካለው እዩት። እሱ እንደተሰካ ከሆነ ሁለቱም ወገን አንድ ፓወርና አንድ ግራውንድ ይጋራሉ፤ ኦፕቶው ምንም አልለየም። በእውነት ለመለየት ጃምፐሩን ንቀሉ፣ ለሪሌው ወገን የራሱን 5 ቮልት ስጡት፣ የአርዱይኖውን ግራውንድ አታገናኙ። ደግሞ አብዛኞቹ ሞጁሎች የሚበሩት ፒኑ ዜሮ ሲሆን ነው። ፒኑን አውትፑት ከማድረጋችሁ በፊት ሃይ (የዜሮ ተቃራኒ) ካላደረጋችሁት፣ ቦርዱ በተነሳ ቁጥር ፓምፑ ለቅጽበት ይነሳል።

«10 አምፔር ተብሎ ተጽፎበታል፤ የፈለግኩትን ይሸከማል»

10 አምፔሩ ለምድጃ ዓይነት ለስላሳ ጭነት ነው። እሱም ልክ አለው። 3.5 ኪሎዋት የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል፤ ትንሿ ሪሌ አትችለውም። ፓምፕ ደግሞ ሲነሳ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ይጎትታል። ያኔ የሪሌዋ ኮንታክቶች ቀልጠው ሊጣበቁ ይችላሉ። ኮዱ «አጥፋ» ይላል፣ ሪሌዋ አትሰማም፣ ሮቶው ጎረቤት ድረስ ይፈስሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሪሌዋ ኮንታክተር (ለከባድ ጭነት የተሠራ ትልቅ ሪሌ) ትዘዝ፣ ኮንታክተሩ ፓምፑን። የ220ውን ሽቦ ስትነካኩ ደግሞ ሶኬቱ ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ከፊታችሁ ይቀመጥ።

ተማሪው ትራንዚስተሩን፣ ሬዚስተሩንና ዳዮዷን እዚያው ቁጭ ብሎ በየዳቸው። 7ኛው ፒን ግን አልተነሳም። ኮዱ ላይ 7ን በ8 ቀየርንና ሪሌዋ ጠቅ አለች።