ሚስ የሚያደርግ ሞተር፦ ምርመራው በድሬዳዋና በደንገጎ ዳገት

አራት ሲሊንደር ያለው የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር 400 ጊዜ ማቃጠል አለበት፤ ተራው የሚደርሰው በየሁለት ዙሩ ነውና። አንዱ ሲሊንደር ተራውን ደጋግሞ ሲያሳልፍ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን በማርሚታው ይወጣል። መካኒኮች «ሚስ ያደርጋል» የሚሉት ይህንን ነው። ምርመራው ከብልጭታ፣ ከነዳጅና አየር ድብልቅ፣ ከእምቃት (ድብልቁ በሲሊንደሩ ውስጥ ከሚታመቅበት ግፊት) የጎደለውን ለይቶ ማግኘት ነው።

ድሬዳዋ ለዚህ ብልሽት ግሩም መፈተኛ አላት። ከተማዋ የተቀመጠችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ግን ደንገጎን ይወጣል። በከተማዋ የከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ጸጥ ብሎ የሚሠራ መኪና ዳገቱ ላይ መንተፋተፍ የሚጀምረው ያለ ምክንያት አይደለም። ቤንዚን ሲረገጥ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ይበዛል፣ ግፊቱም ያይላል፤ በታመቀ አየር ውስጥ ብልጭታ ለመፍጠር ደግሞ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያስፈልጋል። የደከመ ኮይል (ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርገው ዕቃ) ወይም ክፍተቱ የሰፋ ካንዴላ (ብልጭታውን የሚሰጠው ዕቃ) እዚያ ይጋለጣል። ስለዚህ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ፣ በቆመበት ታይቶ «ምንም የለውም» የተባለ መኪና ገና አልተመረመረም።

ኮምፒውተር ያለው መኪና ኮድ ይመዘግባል፤ ፒ0302 ሁለተኛውን ሲሊንደር ይጠቁማል። ኮዱ ቦታውን እንጂ ጥፋተኛውን ዕቃ አይናገርም። ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰው እዚህ ላይ ነው፦ አራቱም ካንዴላ፣ አራቱም ኮይል ይለወጣሉ፤ መንቀጥቀጡ ግን አይተውም። የሁለተኛውን ኮይል ከሦስተኛው ጋር አቀያይሮ ዳገቱን እንደገና መውጣት ዕቃ አያስገዛም። ኮዱ ፒ0303 ከሆነ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ካንዴላውን፣ ቀጥሎም ኢንጀክተሩን (ቤንዚን የሚረጨውን ዕቃ) በዚሁ መንገድ መፈተን ነው። የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን መኪናውን ማቆም ይገባል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስቱን (የጭስ ማጣሪያውን) በሙቀት ያበላሸዋል።

ሐረር በታክሲነት የምታውቃቸው ፔጆ 404 መኪናዎች ኮድ የላቸውም፤ ምርመራቸው በጆሮና በዓይን ነው። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመዶች ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ፒንሳ አንድ በአንድ ይነቀላሉ። ገመዱ ሲነቀል ድምፁ ያልተለወጠው ሲሊንደር ቀድሞውንም አይሠራም ነበር። ካንዴላው በቤንዚን ከራሰ ብልጭታ አጥቷል፣ ዘይት ከያዘው ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቩ ጎማ ይጠረጠራል፣ ደረቅ ጥቀርሻ ካለበት ቤንዚን በዝቶበታል። ለድሬዳዋ የተስተካከለ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ሐረር ሲወጣ፣ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ይህንኑ ጥቀርሻ ሊያመጣ ይችላል።

ብልጭታውና ነዳጁ ደህና ከሆኑ እምቃቱ ይለካል። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ ተደርጎ ልኬቱ ከፍ ካለ ፋሻው አልቋል፤ ካልተለወጠ ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩና በክዳኑ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው። ጎረቤት የሆኑ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ሳይቃጠል አይቀርም። ቴስታታ (የሞተሩ ክዳን) የሚፈታው ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው።