የመነሻ መንሸራተት ምንድን ነው? እያነሰ የመጣውን ተፈጥሮ «ድሮም እንዲሁ ነው» የምንለው ለምንድን ነው?

የመነሻ መንሸራተት ማለት እያንዳንዱ ትውልድ በልጅነቱ ያየውን ተፈጥሮ ልክና ሙሉ አድርጎ መያዙ ነው። አያት አንድ ሐይቅ አየ። አባት ያየው ከዚያ ያነሰውን ነው። ልጅ ደግሞ ከአባቱም ያነሰውን ያያል። ሦስቱም ጉዳቱን የሚቆጥሩት እነሱ ከደረሱበት ጀምረው ስለሆነ፣ ሦስቱም «ትንሽ ቀንሷል» ነው የሚሉት። ሦስቱ ትንሽ ሲደመር ብዙ ነው። ድምሩን ያየ ሰው ግን የለም።

በእንግሊዝኛ «ሺፍቲንግ ቤዝላይን ሲንድሮም» ይሉታል። ነገሩ ግን ከዳቦ ቤት አይርቅም። ዳቦ በአንድ ሌሊት ግማሽ ቢሆን ሰፈሩ በሙሉ ይንጫጫል። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ሲቆረጥለት ግን እናት ብቻ ታጉረመርማለች። ዛሬ ብር ይዞ የሚላከው ልጅ የሚያውቀው ዳቦ ይኸው ስለሆነ ምንም አልጎደለበትም። እናቱ «ድሮ እኮ ዳቦ ማለት…» ብላ ስትጀምር ተረት የምታወራ ይመስለዋል።

ሐሳቡን በጽሑፍ ያስቀመጠው የዓሣ ሀብት ተመራማሪው ዳንኤል ፖሊ ነው። ጊዜው 1995 ነበር (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ጽሑፉ አጭር ነው። የወቀሰውም የራሱን የሙያ ባልደረቦች ነው። እያንዳንዱ ተመራማሪ ሥራ ሲጀምር ያገኘውን የዓሣ ብዛት መነሻ አድርጎ ይይዛል፤ ጡረታ ሲወጣ ዓሣው ቀንሷል፤ የሚተካው ወጣት ደግሞ ያንን የቀነሰውን መነሻ ያደርጋል አለ። በምሳሌነት ያነሳው የአንድ ባልደረባውን አያት ነው። እኚህ ሰው በ1920ዎቹ ዴንማርክ አጠገብ በሚገኘው የካቴጋት ባሕር ማኬሬል ያጠምዱ ነበር። ያናድዳቸው የነበረው ቱና የሚባለው ግዙፍ ዓሣ መረባቸው ውስጥ እየገባ ማስቸገሩ ነው። ያኔ ቱናው ገበያ አልነበረውም። የልጅ ልጆቻቸው ዘመን ሲመጣ ቱና ከዚያ ባሕር ጠፍቶ ነበር። ፖሊ እንዲህ ያለውን የሽማግሌ ወሬ «ወሬ ነው» ብለን አንጣለው፣ መረጃ ነው ሲል ተከራከረ።

እዚህ ሐዋሳ ለዚህ ነገር ከሐይቁ ዳር ካለው ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የተሻለ ቦታ የለም። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ ልጆቹ ዓሣውን እዚያው እየገፈፉ ይበልታሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዙሪያውን ቆመው ትራፊ ይጠብቃሉ። ጎብኚው ዓሣ ጥብስ በዳጣ ያዝዝና ፎቶ ይነሳል። ሁሉም ነገር ሞልቶ የተረፈ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ለሚሰማ ግን ሌላ ወሬ አለ። ወጣቱ የተቆለለውን ቆሮሶ ዓሣ እያሳየ «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ደህና ወጥቷል» ይላል። ጋሼ መዳፋቸውን ዘርግተው ያዩታል። «ልጄ፣ ይሄንን እኛ መልሰን ውሃ ውስጥ ነበር የምንጥለው» ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ወጣቱ ዛሬን ከትናንት ጋር ነው ያስተያየው፤ ሽማግሌው ከጉርምስናቸው ጋር።

የመረቡ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ዓሣው ሲያንስ ዓይኑ ሰፊ የሆነው መረብ ባዶውን ይወጣል። ስለዚህ ዓይኑ ጠበብ ያለ ይገዛል። ጠባቡ መረብ ገና ያልወለደውን ጫጩት ጭምር ይዞ ይወጣል። ሳይወልድ የተያዘ ዓሣ የሚተካው የለም፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚገኘው ይበልጥ ያንሳል። ያኔ ደግሞ ከዚህም የጠበበ መረብ ይመጣል። ሥራውን ዛሬ የጀመረ ልጅ በጠባቡ መረብ ነው የሚጀምረው። ለእሱ የዓሣ መረብ ማለት ያ ነው። ጥፋተኛ ነው ብዬ አላምንም። ያወረስነው መነሻ ያ ነው።

ከሐይቁ ትንሽ ወጣ ስንል ደግሞ ጨለለቃ አለ። የሻሸመኔን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው ጥቁር ውሃ ድልድይ ላይ ሲደርስ ከሥሩ የሚያልፈው ወንዝ የሚመጣው ከዚያ ነው። ዛሬ ጨለለቃ ቢባል አብዛኛው ሰው የሚታየው ረግረግ፣ ሣርና ከብት ነው። ምድርን ፎቶ የሚያነሳው የመጀመሪያው ላንድሳት ሳተላይት በ1972 ወደ ህዋ ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት በተነሱ ምስሎች ላይ ግን ጨለለቃ ሐይቅ ነው። ውሃው ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ሐይቅ ማለት ትንሽ ነገር አይደለም። ከጎናችን አንድ ሐይቅ ሄዶ ብዙዎቻችን መሄዱን እንኳ አላወቅንም። ረግረጉ ራሱ ከላይ የሚመጣውን ደለልና ቆሻሻ አጣርቶ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚልክ ማጣሪያ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚፈስበት መውጫ ደግሞ የለውም። የገባው ደለልና ቆሻሻ እዚያው ይቀራል።

ተመራማሪዎች ይህን መርሳት በሁለት ይከፍሉታል። አንዱ የትውልድ መርሳት ነው፤ ሽማግሌው የሚያውቀውን ሳይነግር፣ ወጣቱም ሳይጠይቅ ሲቀር የሚመጣ። ሁለተኛው የግል መርሳት ነው። ይሄኛው ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም አይተን የነበርነውን ሰዎች ራሳችንን ነው የሚይዘው። ለውጡ በዓይናችን ፊት ተካሂዶ ሳለ አእምሯችን የድሮውን ሥዕል በአዲሱ ይተካዋል። አርባ ዓመት እዚሁ የኖረ ሰው «ኧረ ሐይቁ ድሮም እንዲሁ ነው» ብሎ በሙሉ ልቡ ሊምል ይችላል።

የትውልዱን መርሳት በቁጥር ያሳየ አንድ ጥናት አለ። በሜክሲኮ፣ በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ዳር የሚኖሩ የሦስት ትውልድ ዓሣ አጥማጆች ተጠየቁ። ጥናቱ የታተመው በ2005 ሲሆን የተጠየቁት 108 ሰዎች ናቸው። ድሮ ሞልቶ አሁን የተመናመነ የዓሣ ዝርያ ጥቀሱ ሲባሉ፣ ሽማግሌዎቹ ከወጣቶቹ አምስት እጥፍ ጠቀሱ። ድሮ ዓሣ ይታፈስባቸው የነበሩና አሁን የተራቆቱ ቦታዎችንም አራት እጥፍ። ወጣቶቹ ሰነፎች አልነበሩም። ባሕሩ ላይ የሚውሉት እነሱ ናቸው። ያላዩትን መናፈቅ ግን አይችሉም።

ሌላው ከአሜሪካ፣ ከፍሎሪዳ የመጣ ነው። ኪ ዌስት በምትባል ከተማ ሰዎች ከፍለው በጀልባ ዓሣ ለማጥመድ ይወጣሉ። ሲመለሱ የያዙትን ሰሌዳ ላይ ሰቅለው አጠገቡ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። አንዲት ተመራማሪ እነዚህን ፎቶዎች ሰብስባ ከ1956 እስከ 2007 ያለውን አነጻጸረች። መጀመሪያ አካባቢ የአንዱ ዓሣ አማካይ ክብደት 20 ኪሎ ገደማ ነበር። መጨረሻ ላይ 2.3 ኪሎ ሆነ። ፎቶዎቹን ላየ ሰው የሚገርመው የሰዎቹ ፊት ነው። በ1950ዎቹ ከራሳቸው የሚበልጥ ዓሣ አጠገብ የቆሙትና በ2000ዎቹ ክንድ የማይሞላ ዓሣ የሰቀሉት እኩል ነው የሚስቁት። እኩል ደስ ብሏቸዋል።

የጠፋ ነገር ከአእምሮ ለመጥፋት ብዙ ዘመን አይፈልግም። የቻይናው ያንግትዜ ወንዝ ባይጂ የሚባል ዶልፊን ነበረው። በ2006 ወንዙን ተከትሎ በተደረገ አሰሳ አንድም አልተገኘም። ከሁለት ዓመት በኋላ የወንዙ ዳር ዓሣ አጥማጆች ሲጠየቁ ከወጣቶቹ መካከል ስሙን እንኳ የማያውቁ ነበሩ። ባይጂ ትልቅ እንስሳ ነው፤ በዚያ አገር ዝነኛም ነበር። እንስሳው ከወንዙ በወጣ ማግስት ከአፍም ወጣ።

ልጆች ላይ ሲደርስ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ካን በሂዩስተን ከተማ ሕፃናትን ስለ አየር ብክለት አነጋግሮ ነበር። ልጆቹ ብክለት ምን እንደሆነ በደንብ ያስረዳሉ። የራሳቸው ከተማ የተበከለች ናት ወይ ሲባሉ ግን ብዙዎቹ አይመስላቸውም። ሂዩስተን ያኔ በአሜሪካ አየራቸው ክፉኛ ከተበከለ ከተሞች አንዷ ነበረች። ልጆቹ ሌላ አየር ስበው አያውቁም፤ በምን ያወዳድሩት?

«ታዲያ ቢረሳስ ምን ችግር አለው? ሰው ባለው ቢደሰት ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። የሚጎዳው እቅድ ሲወጣ ነው። «አካባቢውን ወደ ነበረበት እንመልሳለን» የሚል እቅድ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለበት፤ ወደ የትኛው ዓመት? ሐዋሳን ጨምሮ በደቡብ ማዕከላዊ ስምጥ ሸለቆ ላይ የተሠራ ጥናት በ1972 የተፈጥሮ ደን ከመሬቱ 16 በመቶውን ይሸፍን እንደነበር፣ በ2000 ግን 2.8 በመቶ ብቻ እንደቀረ አሳይቷል። መነሻችንን 2000 ላይ ካደረግን ሁለት በመቶ ብንጨምር ከበሮ እንመታለን። ከ1972 ብንነሳ ግን ገና ምኑም አልተነካም። ያው መሬት፣ ያው ችግኝ ነው። ድልም ሽንፈትም የሚያደርገው የመረጥነው ዓመት ነው።

የዛፉ ዓይነትም እንደዚያው። ዛሬ አንድን የከተማ ልጅ ዛፍ ሣል ብትሉት ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ቢሥል አይፈረድበትም። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። ለማገዶም ለቤትም ባለውለታችን ነው፤ አልክድም። ግን የወንዶ ገነት ዳገቶች ደን ሲባል ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ቀረሮና ብሳና ነው። ጉሬዛ የሚዘልበት ደን እሱ ነው። ባሕር ዛፍ ብቻ አይቶ ያደገ ሰው ባሕር ዛፍ የለበሰውን ተራራ «ደን ተመለሰ» ቢል በእሱ መነሻ ትክክል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በታማኝነት መነገር አለበት። «ድሮ ሁሉም ነገር የተሻለ ነበር» ማለትም መፍትሔ አይደለም። ሰው የኋላውን ማሳመርም ይወዳል። በሰሜን ኢትዮጵያ ያን ኒሰን የተባለ ቤልጂየማዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ፣ በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የተነሱ ፎቶዎችን ይዘው ፎቶዎቹ የተነሱባቸው ቦታዎች ላይ ቆመው እንደገና አነሱ። ሥራው በ2009 ታተመ። ብዙዎቻችን በ1868 ትግራይ በደን የተሸፈነች ይመስለናል። ፎቶዎቹ ያሳዩት ግን አብዛኛው ቦታ ያኔ ከአሁኑ ይበልጥ የተራቆተ እንደነበር ነው። ከዚያ በኋላ በተለይ በአፈር ጥበቃና ቦታን ከንክኪ በመከለል ብዙ ዛፍ ተመልሷል። «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ ደን ነበር» የሚለውን ዝነኛ ቁጥር የመረመሩ ምሁራንም የተመሠረተበት ልኬት እንደሌለ ጽፈዋል። ስለዚህ ትዝታ ብቻውን አይበቃም። ትዝታ ከፎቶ፣ ከሳተላይት ምስልና ከጽሑፍ ጋር ሲገናኝ ነው መነሻ የሚሆነው።

ሐዋሳ እዚህ ላይ ዕድለኛ ናት። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1960 አካባቢ ነው። ከተማ ከመሆኗ በፊት ዳርቻውን ያዩ ሰዎች ዛሬም አሉ። በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች ያሉ የሲዳማ ሽማግሌዎች ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረውን ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ይህ ዕድል የለም። እኛም ጋ የሚቆየው እነዚህ ሰዎች እስካሉ ነው። «ድሮ እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ግን ብዙ አይጠቅምም። መልሱ «ኧረ ድሮማ!» ነው። ጥያቄው ጠበብ ሲል መልሱ ይከፈታል። በሠርግዎ ዓመት ውሃው እስከ የት ነበር? ጉማሬ በየትኛው በኩል ይወጣ ነበር? አንድ ጀልባ ስንት ቆሮሶ ይዞ ይመለስ ነበር? ያኔ የነበረና አሁን ድምፁ የማይሰማ ወፍ የቱ ነው? የውሃው ጥያቄ እዚህ ልዩ መልስ አለው። የሐዋሳ ሐይቅ ባለፉት አሥርት ዓመታት የጨመረ እንጂ የቀነሰ አይደለም። ዛሬ ሰው ሲመሽ የሚንሸራሸርበት የፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ላይ ያለው ግድብ ከተማዋን ከጎርፍ ለመከላከል ነው የተሠራው። በእሱ ላይ እየተራመደ ያደገ ልጅ ሐይቅ ድሮም ግድብ ያለው ሊመስለው ይችላል።

እጃችን ላይ ያለ ሌላ ማስረጃም አለ። የሐዋሳ ሙሽራ ፎቶ የሚነሳው ሐይቁ ዳር ነው። በየቤቱ መደርደሪያ ላይ ያለው የሠርግ አልበም ቀኑ የታወቀ ነው፤ ሰዎቹ ቦታውን ያስታውሱታል። ከሙሽሮቹ ጀርባ ውሃው የደረሰበት፣ ደንገሉ፣ የሾላው ዛፍ፣ ከማዶ ያለው ተራራ ይታያል። የወላጆቻችሁን አልበም አውጡና ከጀርባቸው ያለውን እዩ። በስልክ አንሱት፤ ዓመቱንና ቦታውን ጻፉበት። ከዚያ ሄዳችሁ ያው ቦታ ላይ ቆማችሁ፣ ወደዚያው አቅጣጫ ዞራችሁ አንድ ፎቶ አንሱ።