ባለ አንድ መስመር ፎንት ምንድን ነው?

ኮምፒውተራችን ላይ ያሉት ፎንቶች ፊደልን የሚያስቀምጡት በጠርዙ ነው። መሃሉ በቀለም ይሞላል። ለስክሪንና ለህትመት ይህ ይበቃል። የቅርጽ ማሽን ግን ቀለም አይሞላም፤ መርፌው የተሰጠውን መስመር ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ ቀለበት ላይ ስም ሲቀረጽ አንዱ የፊደል እግር ጎን ለጎን ሁለት ጭረት ሆኖ ይወጣል።

ባለ አንድ መስመር ፎንት የሚይዘው የብዕሩን መንገድ ነው። ከዚህ ጀምር፣ እዚያ ድረስ ሳብ፣ አንሳ፣ ሌላ ቦታ አስቀምጥ። በቃ።

ታዋቂዎቹ አለን ሄርሺ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቶ በ1967 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው ናቸው። በተለመደው የሄርሺ ፋይል እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት የኪቦርድ ምልክት ነው። ከምልክቱ የአስኪ ቁጥር (ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ የኪቦርድ ምልክት የሚሰጠው ቁጥር) 82 ሲቀነስ መጋጠሚያው፣ ማለትም የነጥቡን ቦታ የሚናገረው ቁጥር ይገኛል። ለምሳሌ ትልቁ «ኬ» 75 ስለሆነ -7 ይሰጣል። ባዶ ቦታና «አር» ተከታትለው ከመጡ ብዕሩ ይነሳል።

ይህንን ወደ ኤስቪጂ፣ ማለትም ሥዕልን በመስመር ወደሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት መቀየር ከባድ አይደለም። ብዕሩ ተነስቶ ለሚያርፍበት ነጥብ «ኤም»፣ ለሚስብበት «ኤል» ትጽፋላችሁ። ግን ሙሌቱን ማጥፋት እንዳትረሱ! ኤስቪጂ ካልከለከሉት ክፍት መስመርንም በጥቁር ይሞላል፤ ፊደሉ ተለውሶ ይታያል። ሌላው የዋይ፣ ማለትም የላይና የታች ቁጥሩ አቅጣጫ ነው። ኤስቪጂ ላይ ወደ ታች ይጨምራል፣ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ የቅርጽ ማሽን) ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ። የዋይን የመደመርና የመቀነስ ምልክት ካልቀየራችሁ ጽሑፉ ይገለበጣል።

መንገዱን ትሩታይፕ (የተለመደው የኮምፒውተር ፎንት ፋይል) ውስጥ መክተት ግን አልመክርም። ትሩታይፕ ቅርጹን ይዘጋዋል፤ መርፌው በሄደበት ተመልሶ ሁለቴ ይቆፍራል።

የሄርሺ ስብስብ ላቲን፣ ግሪክና ሲሪሊክ አለው፤ የጃፓን ካንጂ እንኳ አልቀረም። ግዕዝ ግን የለበትም። ይህ ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ፊደላችን ለዚህ ሥራ ይመቻል። «በ»ን እዩት (የመጀመሪያው ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛው ወደ ታች ይቆጥራል)፦ ከ(0፣ 20) ወደ (0፣ 0)፣ ወደ (12፣ 0)፣ ወደ (12፣ 20)። ብዕር ሳይነሳ አለቀ። ለ«ቡ» ከቀኝ እግሩ ወገብ፣ ከ(12፣ 10) ወደ (17፣ 10) አንድ ጭረት ጨምሩ። ለ«ቢ» ያው ጭረት ወደ እግሩ ጫፍ፣ ወደ 20 ይወርዳል። ለ«ቤ» እዚያው ትንሽ ቀለበት ነው። ግንዱን አንዴ፣ ቅጥያዎቹን ለብቻ ካስቀመጣችሁ ኮዱ ብዙውን ቤት ራሱ ይገጣጥማል። እንደ «ር» እና «ሮ» ያሉት አፈንጋጮች ግን በእጅ መሳል አለባቸው።