ጆርጆ ላ ፒራ፦ የፍሎረንስ ከንቲባ

ጆርጆ ላ ፒራ (1904–1977፤ ዘመኖቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሕግ መምህር፣ የጣሊያን ሕዝብ እንደራሴና ሁለት ጊዜ የፍሎረንስ ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው። በደቡብ ሲሲሊ ጠረፍ በምትገኘው ፖዛሎ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው ወደ ፍሎረንስ ተሻግረው በዩኒቨርሲቲው የሮማን ሕግ አስተምረዋል። በ1939 «ፕሪንቺፒ» የተባለች መጽሔት አቋቁመው ፋሺዝምን ሲተቹ መጽሔቲቱ ብዙ ሳትቆይ ታገደች። በ1943 ደግሞ አሳዳጆች ስለበዙባቸው ከተማዋን ለቀው ተሸሸጉ።

ከጦርነቱ በኋላ በክርስቲያን ዴሞክራሲ ፓርቲ ተመርጠው ሕገ መንግሥቱን ባረቀቀው ጉባኤ ውስጥ ገቡ። በታኅሣሥ 1947 ሰነዱ በእግዚአብሔር ስም እንዲጀምር ሐሳብ ቢያቀርቡም፣ ጉባኤው በዚህ እንደሚከፈል ሲያዩ ራሳቸው አንስተውታል። ከ1948 እስከ 1950 የሥራ ሚኒስቴር ምክትል ኃላፊ ነበሩ።

ስማቸው የገነነው ግን በ1951 ኮሙኒስቱን ከንቲባ ማሪዮ ፋቢያኒን ተክተው የከተማውን ወንበር ከያዙ በኋላ ነው። ያኔ ከቤታቸው የተባረሩ ቤተሰቦች መጠለያ አጥተው ነበር፤ ባለጸጎች ደግሞ ባዶ ቪላዎች ነበሯቸው። ከንቲባው የ1865 ሕግ አገላብጠው ባዶ ቤቶችን በጊዜያዊነት ወረሱ። የሕግ መምህር መሆን ለዚህ ጊዜ ይጠቅማል። በኅዳር 1954 የኢሶሎቶ መንደር ሲመረቅ የአዳዲስ ቤቶችን ቁልፍ ለነዋሪዎች ያስረከቡትም እርሳቸው ናቸው።

በ1953 መጨረሻ «ስኒያ ቪስኮዛ» የተባለው ኩባንያ የፒኞኔን የብረታ ብረት ፋብሪካ ሊዘጋ ሲነሣ፣ ከ1,700 በላይ ሠራተኞች የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው። ሠራተኞቹ ፋብሪካውን ይዘው ቀሩ። ከንቲባው እነርሱ ዘንድ ገብተው አብረዋቸው ቅዳሴ አስቀደሱ፤ ለሮም ሚኒስትሮች ሳያሰልሱ ደብዳቤ ጻፉ፣ ስልክ ደወሉ። የመንግሥቱን የነዳጅ ድርጅት የሚመሩትን ኤንሪኮ ማቴይን «ፋብሪካውን ሲወስዱ በሕልሜ አየሁ» ብለው አሳመኗቸው ይባላል። ሕልሙ እውነት ይሁንም አይሁን፣ ማቴይ በ1954 መጀመሪያ ላይ ፋብሪካውን ወሰዱት፤ «ኑዎቮ ፒኞኔ» ተባለ፤ ዛሬም በባዕድ ኩባንያ ሥር ሆኖ ተርባይን ይሠራል። ቄሱ ሉዊጂ ስቱርዞ ሁሉን ለመንግሥት ማሸከም ነው ብለው በአደባባይ ተቿቸው። ትችቱ መሠረት አልነበረውም ባይባልም፣ ሠራተኞቹ ግን ሥራቸው አልቀረባቸውም።

በ1957 ከከንቲባነት ወርደው በ1961 ተመለሱ፤ እስከ 1965ም ቆዩ። በመካከሉ፣ በ1959፣ ሞስኮ ደርሰው ስለ ሰላም ተናገሩ። በኅዳር 1965 ደግሞ በቬትናም ጦርነት መካከል ሃኖይ ሄደው የሰሜን ቬትናሙን መሪ ሆ ቺ ሚንን አነጋገሩ፤ ይዘውት የመጡትን የድርድር ሐሳብ ወዳጃቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አሚንቶሬ ፋንፋኒ ለዋሽንግተን አስተላለፉት። ነገሩ ሾልኮ ወጣ፤ ሃኖይም እንዲህ ያለ ሐሳብ አላቀረብኩም አለች። ላ ፒራ ለአንድ መጽሔት የሰጡት ቃል ተጨምሮበት ፋንፋኒ ሥልጣን ለቀቁ። በዚህ ጉዳይ የላ ፒራ አንደበት ከቅንነታቸው ቀድሞ ሮጧል።

በ1976 እንደገና የሕዝብ እንደራሴ ሆነው ተመረጡ፤ በዓመቱ በኅዳር 1977 ፍሎረንስ ውስጥ አረፉ። ቤተሰብ አልመሠረቱም። ለዓመታት ያደሩት በሳን ማርኮ ገዳም አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ደመወዛቸውን ለድሆች ይሰጡ ነበር። የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በ2018 «ክቡር» የሚለውን፣ ወደ ቅድስና በሚወስደው መንገድ ላይ ላለ ሰው የሚሰጠውን የካቶሊክ ማዕረግ ሰጥተዋቸዋል። ዐፅማቸውም ከ2007 ጀምሮ በሳን ማርኮ ቤተ ክርስቲያን ያርፋል።